ከባህር ዛፍ ቁርጥራጭ ሙቀት፣ ኤሌክትሪክና ሃይድሮጂን፦ በአዲስ አበባ ዳርቻ ለሚገኝ የእንጨት ሥራ ቤት የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

በሱሉልታ፣ በቡራዩ፣ በሰበታና በለገጣፎ ባሉ የጣውላ መሰንጠቂያዎችና የቤት ዕቃ ማምረቻዎች ደጅ ላይ በየቀኑ የሚከመረው ቁርጥራጭና ሰጋቱራ አብዛኛውን ጊዜ ወይ ለማገዶ በርካሽ ይሸጣል፣ ወይ እዚያው ግቢ ውስጥ እየጨሰ ይቃጠላል። ይህ መመሪያ ያንን እንጨት ማመንጫ በተባለ ምድጃ ወደ ጋዝ በመለወጥና ጋዙን ጀነሬተር በሚያዞር ሞተር ውስጥ በማንደድ ለጣውላ ማድረቂያ የሚሆን ሙቀትና ለመጋዝና ለመላጊያ የሚሆን ኤሌክትሪክ ለማግኘት የሚያስፈልገውን ሥራ፣ ከመጀመሪያው ልኬት እስከ አመዱ አያያዝ ድረስ፣ በቅደም ተከተል ያስረዳል። ሃይድሮጂንም በሥራው ውስጥ አለ፤ ሆኖም ብዙ ሰው እንደሚገምተው በሲሊንደር ተሞልቶ የሚመጣ ሳይሆን፣ በእሳቱ ውስጥ ከእንጨቱና ከእርጥበቱ የሚወለድ ነው።

አስቀድሞ የሥራው ምክንያት ግልጽ መሆን አለበት። የአገራችን የኤሌክትሪክ መስመር የሚሸከመው ኃይል ከሞላ ጎደል በሙሉ ከውሃ የሚመነጭ ሲሆን፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ህዳሴ ግድብ ብቻውን ከ5,000 ሜጋዋት በላይ የማመንጨት አቅም አለው። ስለዚህ ከመስመር የሚመጣውን ኤሌክትሪክ በእንጨት ጋዝ መተካት ለከባቢ አየር የሚያስገኘው ጥቅም እጅግ ትንሽ ነው። እውነተኛው ጥቅም ያለው በሁለት ቦታ ነው፤ አንደኛው መብራት በጠፋ ቁጥር የሚነሳውን የናፍጣ ጀነሬተር መተካት፣ ሁለተኛው ደግሞ በጭስ የሚባክነውን የማገዶ ሙቀት በአግባቡ መጠቀም ነው። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል 2.7 ኪሎ ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። ከዚህ የሚከተለው የእኔ ጽኑ አቋም፣ በአዲስ አበባ ዙሪያ የዚህ ሥራ ቅደም ተከተል ሙቀት፣ ቀጥሎ ኤሌክትሪክ፣ በመጨረሻም ሃይድሮጂን መሆን አለበት የሚል ነው። በየቀኑ ሙቀት የማያስፈልገው ሥራ ቤት ይህንን መሣሪያ ባይተክል ይሻለዋል፤ ከእንጨቱ ጉልበት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለወጠው አንድ አምስተኛ እንኳ ስለማይሞላ፣ ሙቀቱ ከተጣለ አብዛኛው እንጨት በከንቱ ተቃጠለ ማለት ነው።

1. ፍላጎትን መለካት

ለአንድ ሳምንት ያህል ማስታወሻ ደብተር ይያዙ፤ ቆጣሪውን ጠዋት ሥራ ሲጀመርና ማታ ሲያበቃ ያንብቡ፤ የትኞቹ ማሽኖች በአንድ ጊዜ እንደሚሠሩም ይጻፉ። በማሽኖቹ ላይ የተጻፈውን ኪሎዋት መደመር ብቻውን ያሳስታል፤ ምክንያቱም መጋዝ ሲነሳ ለጥቂት ሰከንድ ከተጻፈው ብዙ እጥፍ ይስባል፣ በሥራ ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከተጻፈው በታች ነው የሚወስደው።

ለምሳሌ ያህል በቀን ለ6 ሰዓት በአማካይ 10 ኪሎዋት የሚጠቀም ሥራ ቤት እንውሰድ። ይህ በቀን 60 ኪሎዋት ሰዓት ነው። በአግባቡ የተሠራ አነስተኛ የእንጨት ጋዝ ማመንጫ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ከ1.2 እስከ 1.5 ኪሎ ግራም ደረቅ እንጨት ስለሚፈልግ፣ በቀን 80 ኪሎ ግራም ያህል ያስፈልጋል። እርጥበቱ ከ20 በመቶ ያልበለጠ አንድ ኪሎ ግራም እንጨት በግምት 4 ኪሎዋት ሰዓት ጉልበት ይዟል፤ ስለዚህ በቀን ከሚገባው 320 ኪሎዋት ሰዓት ውስጥ 60ው ኤሌክትሪክ ሲሆን፣ ከሞተሩ ውሃና ከጭስ ማውጫው 120 ያህል በሙቀት መልክ መያዝ ይቻላል። የቀረው በማመንጫው ግድግዳ፣ በማቀዝቀዣውና በጭሱ ይጠፋል።

ይህ 120 ኪሎዋት ሰዓት ምን ይሠራል? አንድ ሜትር ኪዩብ የባህር ዛፍ ጣውላ ከ60 በመቶ እርጥበት ወደ 12 በመቶ (እዚህ ላይ ከደረቁ እንጨት ክብደት ሲሰላ) ለማድረስ ወደ 290 ሊትር ውሃ ማትነን ያስፈልጋል። ከማድረቂያ ክፍሉ የሚያመልጠው ሙቀት ሲታከልበት ፍላጎቱ 400 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይደርሳል። እንግዲህ የአንድ ቀን ሙቀት የሜትር ኪዩቡን አንድ ሦስተኛ ገደማ ያደርቃል። ባህር ዛፍ ቶሎ ሲደርቅ የሚሰነጠቅና የሚጨማደድ እንጨት ስለሆነ ይህ ዝግታ ለሥራው ጉዳት ሳይሆን ረዳት ነው።

2. እንጨቱን መምረጥ፣ መቁረጥና ማድረቅ

ከመላው ሥራ ውስጥ በዚህ ክፍል ላይ ረዘም ላለ ጊዜ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ካየኋቸው ብልሽቶች አብዛኞቹ ከብረቱ ሳይሆን ከእንጨቱ የመጡ ናቸው።

መጀመሪያ የምንጩ ነገር አለ። ባህር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ፣ የአዲስ አበባን የማገዶ እጥረት ለማቃለል የመጣ ዛፍ ሲሆን፣ እንጦጦንና አካባቢውን የሸፈነው ነጭ ባህር ዛፍ ከተቆረጠ በኋላ ከጉቶው እንደገና የሚያቆጠቁጥ ነው። ይህ ባሕርይው ነው ከእንጨት የሚገኘውን ሙቀት ዝቅተኛ ካርቦን ብለን እንድንጠራው የሚፈቅድልን፤ የተለቀቀውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚያቆጠቁጠው ዛፍ መልሶ ይስበዋልና። ጉቶው ከተነቀለና ቦታው ቤት ከተሠራበት ግን ይህ ሒሳብ ይፈርሳል። ስለሆነም ቅድሚያ የሚሰጠው ለመሰንጠቂያ ቤት ቁርጥራጭ፣ ቀጥሎም በባለቤቱ በዙር ለሚቆረጥና ጉቶው ለሚጠበቅ የባህር ዛፍ ማሳ መሆን አለበት። ከጽድ፣ ከወይራ፣ ከኮሶና ከመሳሰሉት አገር በቀል ዛፎች የተቆረጠ ማገዶ በምንም ምክንያት ወደዚህ መሣሪያ መግባት የለበትም።

በምሳሌያችን ያለው ሥራ ቤት በዓመት 300 ቀን ቢሠራ 24 ቶን እንጨት ይፈጃል። በመካከለኛ መሬት ላይ ያለ የባህር ዛፍ ማሳ በሄክታር በዓመት ከ10 እስከ 20 ሜትር ኪዩብ ቢያድግ፣ ቁርጥራጭ ጨርሶ ባይገኝ ሁለት ሄክታር ተኩል ገደማ መሬት ያስፈልጋል ማለት ነው። ይህንን ቁጥር ከሻጩ ጋር ከመስማማትዎ በፊት ያስሉት፤ ማሳው ከሚያበቅለው በላይ የሚፈልግ መሣሪያ ውሎ አድሮ የሰው ማሳ ወይም ደን ውስጥ መግባቱ አይቀርም።

ሁለተኛው መጠኑ ነው። ቁራጮቹ በየአቅጣጫው ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ሆነው እኩል እንዲሆኑ ይቆረጣሉ። ረጃጅም ፍልጥ እንጨቱ በሚጨመርበት የማመንጫው ቋት ውስጥ ተጋድሞ ድልድይ ይሠራል፤ ከሥሩ ባዶ ቦታ ይፈጠርና እሳቱ ወደ ላይ ይወጣል። ሰጋቱራ ደግሞ የአየሩን መንገድ ስለሚዘጋ በቀጥታ መጨመር የለበትም፤ ለማጣሪያው ይጠቅማል፣ የቀረውም በመጭመቂያ ተጨምቆ ሊነድ ይችላል። ቅርፊቱን በተቻለ መጠን ይላጡት፤ አመዱ የበዛ ስለሆነ በከፍተኛ ሙቀት ቀልጦ እንደ ጠጠር ይረጋና አመዱ የሚወርድበትን የብረት ወንፊት ይዘጋል።

ሦስተኛውና ዋናው እርጥበት ነው። ከ20 በመቶ በላይ እርጥበት ያለው እንጨት እሳቱን ያቀዘቅዘዋል፤ የቀዘቀዘ እሳት ደግሞ ሬንጁን፣ ማለትም ከጭሱ ጋር የሚወጣውን የሚያጣብቅ ፈሳሽ፣ ሳይሰብረው ወደ ሞተሩ ይልከዋል። ዓይንና እጅ ለዚህ ዳኛ አይሆኑም። ሥራውን በጀመርኩበት ክረምት ላዩ ነጭ ሆኖ የደረቀ የሚመስል እንጨት በልበ ሙሉነት ጨምሬ፣ በሦስተኛው ቀን የማስገቢያው ቫልቭ በሬንጅ ተጣብቆ ቴስታታውን (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) ለማውረድ ተገድጃለሁ። ከዚያ ወዲህ ያለ ሚዛን አንድም ጭነት አላስገባም። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ከክምሩ መካከል ጥቂት ቁራጮች ይወሰዱና 500 ግራም ይመዘናሉ፣ በ105 ዲግሪ ሙቀት በዳቦ መጋገሪያ ውስጥ ክብደታቸው መቀነስ እስኪያቆም ድረስ ይቆያሉ፣ ከዚያ እንደገና ይመዘናሉ። 410 ግራም ከሆኑ 90 ግራሙ ውሃ ነበር፤ እርጥበቱም 18 በመቶ ነው፣ ሊገባ ይችላል።

በአዲስ አበባ ዙሪያ እንጨት የሚደርቀው ከጥቅምት እስከ የካቲት ባለው በጋ ነው። ስለዚህ ለሰኔ፣ ለሐምሌ፣ ለነሐሴና ለመስከረም የሚሆነው እንጨት በበጋው ተቆርጦና ደርቆ ከጣሪያ ሥር መግባት አለበት። በወር 26 የሥራ ቀን ቢታሰብ ይህ 8 ቶን ከ300 ኪሎ ግራም ያህል ሲሆን፣ የተቆረጠ እንጨት ልቅ ሆኖ ሲከመር 30 ሜትር ኪዩብ ቦታ ይፈልጋል። ክምሩ ከመሬት በአጠና ርብራብ ከፍ ይበል፤ ጎኖቹም ነፋስ እንዲያሳልፉ ክፍት ይሁኑ። ከማድረቂያ ክፍሉ የሚወጣውን ሞቃት አየር በእንጨቱ መጋዘን በኩል ማሳለፍም በክረምት ብዙ ይረዳል።

3. ቦታውንና አደጋውን ማወቅ

ከሰል አቀጣጥለው በርና መስኮት ዘግተው ተኝተው ሳይነሱ ስለቀሩ ቤተሰቦች ያልሰማ የአዲስ አበባ ነዋሪ የለም ማለት ይቻላል። የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ ሽታም ቀለምም የለውም። በአየር ውስጥ ከ10,000 እጅ 16 እጅ ብቻ ሆኖ ሁለት ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል። በእንጨት ጋዝ ውስጥ ግን ከአምስት እጅ አንዱ ያህል እሱ ነው። ስለዚህ ማመንጫው ጣሪያ ኖሮት ቢያንስ በሦስት ጎኑ ክፍት በሆነ ዳስ ሥር ይተከላል፤ ከመኖሪያና ከዘበኛ ቤት ይርቃል፤ ባትሪው በየጊዜው የሚፈተሽ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ደግሞ በዳሱና በአቅራቢያው ባሉ ክፍሎች ሁሉ ይሰቀላል። ሥራው ላይ ሁልጊዜ ሁለት ሰው ይኑር። ራስ ምታት ወይም ማዞር የተሰማው ሰው ወዲያውኑ ወደ ንጹሕ አየር ይውጣ፤ ቋት ውስጥ ጭንቅላቱን አስገብቶ የሚያይ ሰው ግን ለመውጣት ጊዜ ላያገኝ ይችላል።

4. ማመንጫው እንዴት እንደሚሠራና ሃይድሮጂኑ የሚወለድበት ቦታ

ለሞተር የሚሆነው ዓይነት ጋዙ ወደ ታች የሚሳብበት ማመንጫ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቤንዚን ሲጠፋ በአውሮፓ እጅግ ብዙ ተሽከርካሪዎችን ያንቀሳቀሰው፣ ጆርጅ ኢምበርት የተባለው መሐንዲስ ያዳበረው መሣሪያ ይኸው ነው። እንጨቱ ከላይ ከቋቱ እየወረደ አራት ደረጃዎችን ያልፋል። በመጀመሪያው ይደርቃል። በሁለተኛው ከ200 እስከ 600 ዲግሪ ባለ ሙቀት ያለ አየር ይከስላል፤ ጭሱና ሬንጁ የሚወጡት እዚህ ነው። በሦስተኛው፣ በአየር ማስገቢያ ቀዳዳዎቹ ፊት፣ ከ1,000 ዲግሪ በላይ በሆነ እሳት ጭሱ ይነዳል፣ ሬንጁም ይሰበራል። በአራተኛው ደግሞ የነደደው ጭስ በተጋመ የከሰል አልጋ ውስጥ እንዲያልፍ ይገደዳል።

የዚህ ሁሉ ምሥጢር ያለው በአራተኛው ደረጃ ነው። የውሃ እንፋሎት የተጋመ ከሰል ሲያገኝ ካርቦኑ ኦክስጅኑን ከውሃው ይነጥቀዋል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድና ሃይድሮጂን ይገኛሉ። ይህ ለውጥ ሙቀት የሚበላ ነው። ከዚያ ቀጥሎ ከካርቦን ሞኖክሳይዱ የተወሰነው ከቀረው እንፋሎት ጋር ተዋህዶ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ተጨማሪ ሃይድሮጂን ይሆናል፤ ይህኛው ጥቂት ሙቀት ይመልሳል። የሚወጣው ጋዝ ከ15 እስከ 20 በመቶ ሃይድሮጂን፣ 20 በመቶ ያህል ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ጥቂት ሚቴን፣ 10 በመቶ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲይዝ፣ ግማሽ ያህሉ ከአየሩ የመጣ ናይትሮጅን ነው። ለሙሉ ቃጠሎ ከሚያስፈልገው አየር የሚገባው ከሩብ እስከ ሲሶው ብቻ ስለሆነ ነው እንጨቱ ነዶ ሳያልቅ ጋዝ የሚሆነው።

«ሃይድሮጂን ከእንፋሎት ከመጣ እርጥብ እንጨት አይሻልም ወይ?» የሚል ጥያቄ ደጋግሞ ይቀርብልኛል። ጥያቄው ብልህ ነው፤ መልሱ ግን አይሻልም ነው። ለውጡ የሚፈልገው እንፋሎትን ብቻ ሳይሆን የተጋመ ከሰልንም ነው፤ ከ20 በመቶ በታች ያለው እርጥበት በቂ እንፋሎት ይሰጣል፣ ከዚያ በላይ ያለው ግን ከሰሉን ያቀዘቅዝና ሃይድሮጂኑንም ያሳጣል። ሃይድሮጂኑን ወደ 40 በመቶ ማድረስ የሚቻለው በአየር ፈንታ እንፋሎት ብቻ ወደ እንጨቱ ሲገባና ሙቀቱ በሞቀ አሸዋ ከሌላ ክፍል ሲመጣ ነው። በኦስትሪያ ጉሲንግ በተባለች ትንሽ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ለዓመታት የሠራው ጣቢያ በዚህ መንገድ 2 ሜጋዋት ኤሌክትሪክና ከ4 ሜጋዋት በላይ ሙቀት ያመነጭ ነበር። ለግቢ ሥራ ግን ይህ ዘዴ አይሆንም።

በማመንጫው ውስጥ በጣም ጥንቃቄ የሚሻው ክፍል እሳቱ የሚጠብበት ጉሮሮ ነው። ለ10 ኪሎዋት በሰዓት 31 ሜትር ኪዩብ ያህል ጋዝ ያስፈልጋል። ጥሩ ልምድ የሚባለው በእያንዳንዱ ስኩዌር ሴንቲ ሜትር የጉሮሮ ስፋት በሰዓት ግማሽ ሜትር ኪዩብ ጋዝ ማሳለፍ ስለሆነ፣ ስፋቱ 62 ስኩዌር ሴንቲ ሜትር፣ የቀዳዳው ዲያሜትርም 9 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ፍሰቱ ከ0.3 በታች ሲወርድ እሳቱ ይደክምና ሬንጅ ይመጣል፤ በእኛ ስሌት ይህ ከሙሉ ጭነት 60 በመቶ በታች ማለት ነው። በዚህ ምክንያት መሣሪያውን ለነገ እድገት በሚል አስበልጦ መሥራት ትልቅ ስሕተት ነው። ጭነቱ በሚያንስበት ሰዓት ትርፉ ኤሌክትሪክ የማድረቂያውን ማራገቢያ ወይም የውሃ ማሞቂያ እንዲያንቀሳቅስ ይደረጋል እንጂ ማመንጫው ዝቅ ብሎ እንዲሠራ አይተውም።

ጉሮሮውና የአየር ቀዳዳዎቹ ሙቀት ከሚችል አይዝጌ ብረት ወይም ከእሳት ጡብ ይሠራሉ፤ ተራ ላሜራ በዚያ ሙቀት ብዙም ሳይቆይ ተበልቶ ያልቃል። ለውጪው አካልና ለቋቱ ግን ወፍራም ላሜራ ይበቃል። የቋቱ ክዳን በስፕሪንግ ተይዞ ጋዙ ከውስጥ ቢፈነዳ ወደ ላይ እንዲከፈት ይደረጋል፤ ክዳኑን በብሎን አጥብቆ ማሰር ማመንጫውን ወደ ቦምብ መለወጥ ነው። ብየዳው ሁሉ ካለቀ በኋላ በሳሙና አረፋ ይፈተሻል። ሞተሩ ጋዙን እየሳበ ሲሠራ ቀዳዳ ካለ አየር ወደ ውስጥ ይገባና ከጋዙ ጋር የሚፈነዳ ድብልቅ ይሠራል፤ ማራገቢያ ሲገፋው ደግሞ መርዙ ወደ ሰው ይወጣል። ብየዳውን ለሠለጠነ ባለሙያ ይስጡ፤ እዚህ ላይ የሚቆጠብ ገንዘብ የለም።

5. ጋዙን ማጽዳትና ማቀዝቀዝ

ጋዙ ከማመንጫው ሲወጣ ብዙ መቶ ዲግሪ ይሞቃል፤ አመድና የከሰል ብናኝም ይዟል። መጀመሪያ ጋዙን አሽከርክሮ ብናኙን በሚጥል ሳይክሎን ያልፋል፣ ቀጥሎ በማቀዝቀዣ ቧንቧዎች ከ40 ዲግሪ በታች ይወርዳል፣ በመጨረሻም በደረቅ ሰጋቱራና በጨርቅ ማጣሪያ ይጣራል። ለሞተር የሚሆን ጋዝ በአንድ ሜትር ኪዩብ ከ100 ሚሊ ግራም ያነሰ ሬንጅ ሊኖረው ይገባል። ይህን የሚለካ ቤተ ሙከራ ለሌለን ሰዎች ነጭ ጨርቅ ይበቃል፤ ከማጣሪያው በኋላ ባለው ትንሽ ቧንቧ ላይ ለአምስት ደቂቃ ይታሰርና ይታያል። ግራጫ ነጥብ የብናኝ ምልክት ነው፤ ቡናማና የሚያጣብቅ ከሆነ ሬንጅ ስለሆነ ሞተሩ መነሳት የለበትም።

በማቀዝቀዣው ሥር የሚጠራቀመው ቡናማ ውሃ ፊኖል የሚባሉ መርዛማ ቅመሞች አሉበት። ይህንን ውሃ ወደ ቦይ ወይም ወደ ወንዝ መድፋት ፈጽሞ አይገባም፤ የአዲስ አበባ የመጠጥ ውሃ የሚጠራቀምባቸው ገፈርሳና ለገዳዲ በዚሁ በከተማዋ ዳርቻ እንዳሉ ማስታወስ ያሻል። ውሃው በበርሜል ይያዝና ከማጣሪያው ከወጣው አሮጌ ሰጋቱራ ጋር ተደባልቆ፣ ከደረቀ በኋላ በደንብ በሚነድ ምድጃ ውስጥ በጥቂት በጥቂቱ ይቃጠላል።

6. ሞተሩ፣ በተለይም በእኛ ከፍታ

ከውጭ አገር የተጻፉ መመሪያዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያሰሉት ለባሕር ወለል ነው። አዲስ አበባ በ2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ሱሉልታ ከእሷም ከፍ ትላለች፤ በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ሞተሩ በአንድ ትንፋሽ የሚስበው አየርና ጋዝ በዚያው ልክ ይቀንሳል። ከዚህ በተጨማሪ የእንጨት ጋዝ ከቤንዚን ያነሰ ጉልበት ስላለው 40 በመቶ ያህል ኃይል ይቀነሳል። ስለዚህ 30 ኪሎዋት ተብሎ የተጻፈበት ጀነሬተር በእኛ አካባቢ በእንጨት ጋዝ ከ13 ኪሎዋት ብዙም አይበልጥም። 10 ኪሎዋት በአስተማማኝ ሁኔታ ለማግኘት ከ25 እስከ 30 ኪሎዋት የተጻፈበትን መግዛት ያስፈልጋል።

በካንዴላ የሚነሳ ሞተር ይመረጣል። የናፍጣ ሞተር ከጋዙ ጋር ሊሠራ ቢችልም ለማቀጣጠያ ከቀድሞው ናፍጣ ሩብ ያህሉ ስለሚያስፈልገው ዓላማችንን በከፊል ያስቀረዋል። በካንዴላው ሞተር ላይ አየርና ጋዝ እኩል ለእኩል ገደማ የሚደባለቁበት ባለ ሁለት ቫልቭ ማስገቢያ ይገጠማል። ጋዙ ቀስ ብሎ ስለሚነድ የእሳቱ ሰዓት፣ ማለትም ካንዴላው ብልጭታ የሚሰጥበት ጊዜ፣ ወደ ፊት ይሳባል፤ ሃይድሮጂኑ ነበልባሉን ስለሚያፋጥን ግን ከመጠን በላይ መሳብ ሞተሩን ያንኳኳዋል፤ ስለዚህ ድምፁን እየሰሙ በጥቂት በጥቂቱ ያስተካክሉ።

አነሳሱ እንዲህ ነው። ጠዋት የከሰሉ አልጋ ይታያል፣ አመዱ ይራገፋል፣ ቋቱ ይሞላል፣ ማራገቢያው ይከፈታል፣ በአየር ቀዳዳው በኩል እሳት ይለኮሳል። የመጀመሪያው ነጭ ጭስ በመሞከሪያው ቧንቧ ይወጣል፤ እዚያ ላይ ጋዙን የሚለኩስ እሳት ሁልጊዜ እንዳይጠፋ ይደረጋል። ከ10 እስከ 20 ደቂቃ በኋላ ጋዙ ሳይቋረጥ ሰማያዊና ቀላ ያለ ነበልባል ይዞ ሲነድ፣ የጨርቁም ፈተና ሲያልፍ፣ ሞተሩ ይነሳል። ማታ ሲቆም የአየር ቀዳዳዎቹና የጋዝ ቫልቮቹ ሁሉ ይዘጋሉ፤ ክዳኑ ግን እስከ ጠዋት አይከፈትም። ትኩስ ቋት መክፈት አየርን ከጋዝ ጋር ያገናኛል።

ጀነሬተሩ ከመስመሩ ጋር የሚገናኘው በቼንጅ ኦቨር፣ ማለትም ከመስመሩና ከጀነሬተሩ አንዱን ብቻ በሚያገናኝ ማብሪያ፣ ብቻ ነው። መብራት ጠፍቶ ሳለ ጀነሬተርዎ ወደ መስመሩ ቢመልስ፣ መስመሩ ሞቷል ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣውን ሠራተኛ ይገድላል።

7. ሙቀቱን መያዝ

ሙቀቱ ከሁለት ቦታ ይሰበሰባል፤ ከሞተሩ ማቀዝቀዣ ውሃና ከማርሚታው በፊት ከሚወጣው፣ ከ400 ዲግሪ በላይ ከሚሞቀው ጭስ። የሞተሩ ውሃ ወደ ራዲያተሩ ከመሄዱ በፊት በሙቀት መለዋወጫ አልፎ ሙቀቱን ለማድረቂያው ውሃ ያስረክባል። በዚህ ከፍታ ክፍት ውሃ በ91 ወይም በ92 ዲግሪ እንደሚፈላ አይዘንጉ፤ ከ80 ዲግሪ በላይ እንዳይወጣ ቴርሞስታት ይገጠማል፣ ሙቁ ውሃ ከሚጠራቀምበት ጋንም አናት ላይ ግፊት ማስተንፈሻ ይደረጋል። ጭሱን ከ120 ዲግሪ በታች ማውረድ ትርፍ ይመስላል፤ ነገር ግን በቧንቧው ውስጥ አሲድነት ያለው ጤዛ ስለሚፈጥር ብረቱን ይበላዋል። አንድ ሺህ ሊትር ውሃ የሚይዝ በሰጋቱራ የተሸፈነ ጋን ሞተሩ ከቆመ በኋላም ማድረቂያው ሌሊቱን በቀስታ እንዲቀጥል ያደርጋል።

8. ተጨማሪ ሃይድሮጂን

ጣሪያቸው ላይ የፀሐይ ሰሌዳ ያላቸው ሰዎች ትርፉን ኤሌክትሪክ ውሃ በመከፋፈል ወደ ሃይድሮጂን ሊለውጡ ያስባሉ። ቁጥሩን አብረን እንይ። አንድ ኪሎ ግራም ሃይድሮጂን ለማግኘት ከ50 እስከ 55 ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክና ቢያንስ 9 ሊትር የተጣራ ውሃ ያስፈልጋል። ይኸው አንድ ኪሎ 33 ኪሎዋት ሰዓት ጉልበት ሲይዝ፣ በሞተራችን ተመልሶ ኤሌክትሪክ ሲሆን 8 ያህል ብቻ ይቀራል። ባትሪ ከተቀበለው አብዛኛውን ይመልሳል። አንድ ኪሎ ሃይድሮጂን ሳይጨመቅ በሱሉልታ አየር 16 ሜትር ኪዩብ፣ ማለትም አንድ ሙሉ ክፍል ይሞላል፤ ለመጭመቅ ደግሞ ውድ መሣሪያና ለዚሁ የተሠራ ሲሊንደር ይፈልጋል። ስለዚህ ሃይድሮጂን በግቢ ውስጥ ማከማቸትን አልመክርም።

ያለማከማቸት ግን አንድ መንገድ አለ። 3 ኪሎዋት የሚወስድ፣ ሃይድሮጂንና ኦክስጅንን በሽፋን ለይቶ የሚያወጣ የፋብሪካ መሣሪያ በሰዓት ሁለት ሦስተኛ ሜትር ኪዩብ ያህል ሃይድሮጂን ይሰጣል፤ ይህም ሞተሩ እየሠራ ሳለ ወደ ጋዙ መስመር ቢገባ ከጋዙ ጉልበት 4 ወይም 5 በመቶ ይጨምራል። ጥቅሙ ይህን ያህል ነው። መስመሩ ሞተሩ ሲቆም በራሱ የሚዘጋ ቫልቭና እሳት ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከለክል ማገጃ ሊኖረው ግድ ነው። ሃይድሮጂን ከ4 እስከ 75 በመቶ በሚሆን ድብልቅ ሁሉ በአየር ውስጥ ይቀጣጠላል፣ ነበልባሉ በቀን ብርሃን አይታይም፣ ወደ ላይም ስለሚሸሽ የዳሱ ጣሪያ ጫፍ ክፍት መሆን አለበት። ሁለቱን ጋዞች ሳይለዩ በአንድ ቧንቧ የሚያወጡትን፣ ነዳጅ ይቆጥባሉ እየተባሉ የሚሸጡትን ዕቃዎች ግን ወደ ግቢዎ አያስገቡ፤ በቧንቧው ውስጥ ያለው ድብልቅ ብልጭታ ብቻ የሚጠብቅ ፈንጂ ነው።

9. አመዱና የቀረው ከሰል

ከወንፊቱ ሥር የሚወርደው አመድና ደቃቅ ከሰል የቀዘቀዘ መስሎ ከአንድ ቀን በላይ ፍም ሊያዳፍን ይችላል። ክዳን ባለው የብረት በርሜል ውስጥ፣ ከእንጨቱ ክምር ርቆ፣ ለሁለት ቀን ይቀመጣል፤ ከዚያ ውሃ ይርከፈከፍበታል። በከተማዋ ዙሪያ ባለው ደጋ ብዙ ማሳ አሲዳማ ስለሆነ የእንጨት አመድ ለገብስና ለባቄላ ማሳ እንደ ኖራ ያገለግላል፤ ደቃቁ ከሰልም በአፈር ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሳይበሰብስ ስለሚቆይ ዛፉ ከአየር የሳበውን ካርቦን በከፊል መሬት ውስጥ ያስቀራል። ከሳይክሎኑና ከማጣሪያው የሚወጣው ጥቁር ብናኝ ግን ሬንጅ ስላለበት ከዚህ ጋር አይቀላቀልም፤ ከቡናማው ውሃ ጋር ወደ ምድጃው ይሄዳል። የወንፊቱ አመድና ከሰል ከፍግ ወይም ከብስባሽ ጋር ተደባልቆ ጥቂት ሳምንታት ይቆይና፣ በግንቦት፣ ከዘር በፊት፣ ማሳው ላይ ተበትኖ በእርሻ ይገለበጣል።